ከመቶ ሠላሳ አራቱ ላይ ስለ ተበሉት ሦስት ሙዞች

ለተከበሩ አቶ ዘመድኩን
የጉድኝታችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር
ሴቻ

ጉዳዩ፦ ለተደረገልን ድጋፍና ክትትል የአደባባይ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሙሉ ደስታና በሙሉ የምግብ ፍላጎት ላይ እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም የሚቀመጡበት ወንበር ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አለኝ። ሆድዎንስ እንዴት ነዎት? ከቁርስ በኋላ ሦስት ሙዝ ለአንዳንድ ሰው ይከብደዋል ይባላል፤ እርስዎን ግን እግዚአብሔር ጠንካራ አድርጎ ስለፈጠረዎት በዚህ በኩል ብዙም አልሰጋሁም። እኛ እዚህ አርባ ምንጭ ታችኛው ክፍል፣ ከሲቀላ ገበያ አለፍ ብሎ ኩልፎ ወንዝ ዳር ባለው ትምህርት ቤት የምንገኘው መምህራንና ተማሪዎች፣ እርስዎ ጎብኝተውን ከሄዱ ወዲህ የደረሰብንን ትተን ሌላውን ብቻ ካሰብን፣ ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

ስሜን ዘንግተውት እንደሆነ ልክነሽ ኦይታ እባላለሁ። በሪፖርትዎ ላይ «የሁለተኛ ክፍል ለ መምህርት» ተብዬ የተጠቀስኩት እኔ ነኝ። ልጆችን ሙሉ ቁጥር ምን እንደሆነ፣ የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤትና የመቶ ቤት የሚባሉትም እንዴት እንደሚለዩ ሳስተምር የኖርኩ፣ ዛሬ በእርስዎ በጎ ፈቃድ ከክፍሌ ተነስቼ በመርጃ መሣሪያዎች ክፍል ውስጥ ዘንጉ ከተሰበረ ሉልና አቧራ ከጠጣ ካርታ ጋር የተቀመጥኩ ሴት ነኝ። ለዚህ ዕረፍት ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት አላውቅም።

ምስጋናዬን በግል ላደርሰው ይገባ ነበር ይሉኝ ይሆናል። በግል የጻፍኩትን ግን ቢሮዎ ተቀብሎ፣ ማኅተም መትቶ፣ ከዚያ ወዲያ ጆሮ ዳባ ልበስ ስላለኝ፣ ጆሮ ያለው ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ብዬ ይህኛውን በግልጽ ጽፌዋለሁ። ነገሩን የማያውቁ አንባቢዎችም ግራ እንዳይገባቸው፣ በትዕግሥትዎ እየተማመንኩ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ እተርከዋለሁ።

በአርባ ምንጭ ሙዝ የማያውቅ ልጅ የለም። ስለዚህ የቁጥር ቤቶችን የማስተምረው በሙዝ ነው። አንድ ፍሬ ሙዝ አንድ ነው። አሥር ፍሬ በቃጫ ሲታሰር አንድ እስር ይሆናል፣ ይህም የአሥር ቤት ነው። አሥር እስር ደግሞ አንድ ሳጥን ይሞላል፣ ይህም የመቶ ቤት ነው። ልጆቹ እስሩን ይፈቱታል፣ መልሰው ያስሩታል፣ ፍሬው አሥር ሲደርስ ወደሚቀጥለው ቤት ያሻግሩታል። በክፍሌ ውስጥ የነበረው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ውስጡ አሥር ፍሬ የሌለው ነገር የቱንም ያህል አምሮ ቢታሰር እስር አይባልም። ሙዙን የሚሰጡን የተማሪያችን የሰሊሆም አባት አቶ ካሱ ናቸው፤ ከኩልፎ ዳር ማሳቸው በጋሪ ጭነው ያመጡልናል። ትምህርቱ ካለቀ በኋላም ለልጆቹ ተከፋፍሎ ይበላል። ልጆቹ ስልሳ ሰባት ስለሆኑ ሁለት ሁለት እንዲደርሳቸው ብለን የእርስዎ ጉብኝት ዕለት መቶ ሠላሳ አራት አዘጋጀን። አንድ ሳጥን፣ ሦስት እስር፣ አራት ፍሬ። እኔም በሰሌዳው ላይ 134 ብዬ በትልቁ ጻፍኩ።

እርስዎ መጡ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ፋኑኤል ከቢሯቸው ደህናውን ወንበር አስመጥተው ከሙዙ ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጡዎት። እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። በእኛ አገር በእንግዳ ፊት የተቀመጠ ምግብ የእንግዳው ነው፤ ሌላ ለምን ይቀመጣል? ስለዚህ ከሦስቱ እስሮች አንዱን ሲፈቱ ያደረጉት ማንም የተከበረ እንግዳ የሚያደርገውን ነው። አንዱን ላጡ፣ ሁለተኛውን ላጡ፣ ሦስተኛውን ላጡ። ጨዋ ሰው ስለሆኑም የተረፉትን ሰባት ፍሬዎች መልሰው በቃጫው አሰሯቸውና እንደ ነበሩ አድርገው ከጓደኞቻቸው ጋር ደረደሯቸው። አስተሳሰርዎን ከልብ አደንቃለሁ፤ እኔ ራሴ እንደዚያ ጥብቅ አድርጌ አላስርም።

ልጆቻችን የሚበላ እንግዳ አይታይም ተብለው ያደጉ ናቸው። ስልሳ ሰባቱም ዐይናቸውን ደብተራቸው ላይ ደፉ። ሰሊሆምም የእርስዎን አፍ አላየችም፣ አስተዳደጓ አይፈቅድላትም። እስሩን ግን አይታዋለች። አባቷ ያመጡት ሙዝ ነዋ።

ከዚያ እርስዎ አፍዎን በመሐረብ ጠራርገው ተነሱ፣ ቼክሊስትዎን ገለጡ፣ ከስልሳ ሰባት ልጆች መካከልም ሰሊሆምን ጠሩና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቆጥራ በአንድ ቤት ስንት እንዳለ እንድትናገር አዘዟት። ልጅቷ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። እስሮቹን አንድ በአንድ ብድግ አድርጋ በእጇ መዘነቻቸው። ሦስተኛው ቀለላት፤ ፈታችው፣ ሰባት ሆነ። ከአራቱ ልቅ ፍሬዎች ሦስቱን ወስዳ ጨመረችበት፣ አሥር አድርጋ አሰረችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። በአንድ ቤት ያለው አንድ ነው አለች። ይህን እንድታደርግ ማንም አልነገራትም፤ ይህ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሥራ ሳይሆን ከዚያ ከፍ ያለ ነው፤ እኔ በመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ዓይነት መልስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እርስዎ ግን ሰሌዳውን አዩ። ሰሌዳው አራት ይላል። ስሕተት ነው አሉ። ላስረዳዎት አፌን ስከፍት እጅዎን አንስተው፣ በምልከታ ጊዜ መምህሩ ተማሪን እንዲረዳ አይፈቀድም ብለው አፌን አስዘጉኝ። ቀጥለው ደግነት የሚባለውን ልጅ ጠሩ፤ ደግነት ወደ ጠረጴዛው ሳይጠጋ ከተቀመጠበት ሆኖ ከሰሌዳው ላይ አራት ብሎ አነበበ። ለእርሱ አስጨበጨቡለት። ለሰሊሆም ደግሞ፣ ቃጫው በእጇ እንዳለ፣ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ አንድን ከአራት አለመለየት እንደሚያሳፍር፣ ዐይኗንም ከፍታ ማየት እንዳለባት ገለጹላት። ልጅቷ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። አላለቀሰችም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያደረጉልንን ውለታዎች በቅደም ተከተል ዘርዝሬ ለማመስገን ይፈቀድልኝ።

1. ሪፖርትዎን በዚያው ሳምንት ስላደረሱልን አመሰግናለሁ። «ተማሪዎቹ የአንድ ቤትን ከአሥር ቤት መለየት አይችሉም፣ መምህርቷ የይዘት ክፍተት አለባት» ይላል። በዚህ የተነሳ ትምህርት ቤታችን ከጉድኝቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ መጨረሻ ወጣ። እኔም ነገሩን ላስረዳ ቢሮዎ ወዳለበት ወደ ላይኛው ሰፈር ሴቻ በሚኒባስ ወጣሁ። ቢሮዎ ውስጥ ያለችው ልጅ በጣም ትሁት ናት፤ ውጤቱ ሲስተም ውስጥ ስለገባ ሊቀየር እንደማይችል በትሕትና ነገረችኝ። የገባው ነገር ስሕተት ከሆነስ ብላት፣ ስሕተትም ቢሆን ገብቷል አለችኝ። ወደ አቶ ፋኑኤል ተመለስኩ። እርሳቸውም፣ ሰው በላ ብሎ በጽሑፍ ማንሳት ነውር መሆኑን፣ በተለይ ደግሞ የበላው እንግዳ ከሆነ ማንም ጨዋ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንደማይፈርም መከሩኝ። እኔ እንደሚያዩት ጨዋነቴ እዚህ ደብዳቤ ላይ አልቋል።

2. ሁለት ሁለት ሙዝ ይደርሳቸው ከነበሩት ልጆች መካከል አንዱ አንድ ብቻ፣ አንዷ ደግሞ ምንም ሳይደርሳት ቀርታለች። ምንም ያልደረሳት ማን እንደሆነች ይገምታሉ ብዬ አስባለሁ። ወረፋው መጨረሻ ላይ የቆመችው እርሷ ነበረች።

3. የይዘት ክፍተቴን እንድሞላ ሴቻ በሚገኝ የሆቴል አዳራሽ ለሥልጠና ስለጠሩኝ እጅ ነስቼ አመሰግናለሁ። አዳራሹ ነፋሻ ነው፣ ከመስኮቱ ሐይቁ ይታያል፣ ሻዩም ጥሩ ነበር። አሠልጣኙ እርስዎ መሆንዎን ሳውቅ ደግሞ ደስታዬ እጥፍ ሆነ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የመጀመሪያውን ሥዕል አበሩት። በቃጫ የታሰሩ ሙዞች ነበሩ። ክቡር ሆይ፣ የገዛ ጠረጴዛዬን አላጣሁትም፤ እግሩ ሥር ያለውን ሽብልቅ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ግን ይህ የቁጥር ቤት ማስተማሪያ ዘዴ ከረጅም ጥናት በኋላ በእርስዎ የተቀመረ ምርጥ ተሞክሮ እንደሆነ፣ በሌሎች ጉድኝቶችም እንዲሰፋ እንደታሰበ አብራሩልን። ለዚሁም የምስክር ወረቀት ተሸለሙ፣ መምህራኑ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ አጠገቤ የነበረችው መምህርት ለምን እንደምስቅ ጠይቃኝ ነበር።

እንግዲህ እኔ ያልተማርኩ ስለሆንኩ አልገባኝ ይሆናል፤ ቢሆንም በአንድ ዘዴ ያስተማረችው ሴት ከክፍሏ ስትነሳ፣ በዚያው ዘዴ ሙዝ የበላው ሰው የምስክር ወረቀት የሚሸለምበትን ስሌት ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። እሱንም እንደ ሌላው ሁሉ በሥዕል ቢያሳዩን ይመረጣል። ለነገሩ ሥዕሉ አለ። የቢሮው የቴሌግራም ገጽ ላይ «የተሳካ ድጋፍና ክትትል» በሚል ርእስ ሥር የተለጠፈውን ፎቶ ማንም ገብቶ ሊያየው ይችላል። እርስዎ በግማሽ የተላጠ ሙዝ ይዘው ፈገግ ብለዋል፣ ከጀርባዎ ሰሌዳው ላይ 134 ተጽፏል፣ በክርንዎ በኩል ደግሞ ሁለት ልጣጭ ተጋድሟል። ሦስተኛው ገና በእጅዎ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ፎቶውን በጣትዎ አስፍተው ይዩት። አስተያየት መስጫው ተዘግቷል፣ መቁጠር ግን አልተከለከለም።

4. እስካሁን የቀለድኩት ስለ ራሴ ስለነበረ ነው። ይህኛውን ግን ብሞክርም ቀልድ አልሆንልኝ አለ።

በሪፖርትዎ መጨረሻ ላይ ስሟን ጽፈው ሰሊሆምን ዝቅተኛ ምድብ ውስጥ አስገቧት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓደኞቿ ሦስት አሃዝ ያላቸውን ቁጥሮች ሲማሩ እርሷ ከክፍል እየወጣች ከአንድ እስከ ሃያ ትቆጥራለች። ወደ ሦስተኛ ክፍል ማለፏም የእርስዎን ማረጋገጫ ፊርማ ይጠብቃል። ያለ እርስዎ ፊርማ በሚመጣው ዓመት ከታናናሾቿ ጋር ትቀመጣለች። አባቷ አቶ ካሱ በወላጆች ስብሰባ ላይ የልጃቸውን ስም ከዝቅተኞች ጋር ሲጠራ ሰምተው፣ ስብሰባው ሲበተን ወደ እኔ መጥተው፣ የልጅቷ አእምሮ በእርግጥ ትምህርት አይቀበልም ወይ ብለው በዝግታ ጠየቁኝ። ሰው እንዳይሰማቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው አፋቸው ላይ ይዘው ነበር። የማይቀበል ከሆነም ከአሁኑ ብታሳውቂኝ ይሻላል፣ ማሳው ላይ ሥራ ሞልቷል አሉኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አመኑኝ ወይስ ልታጽናናኝ ብላ ነው አሉ፣ አላውቅም፤ በሪፖርትና በእኔ ቃል መካከል ሰው የቱን እንደሚያምን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል።

ልጅቷ ደግሞ እጇን ማውጣት ትታለች። ይህንንስ እሺ፣ ብዙ ልጆች ያፍራሉ። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። በቀደም ዕለት መርጃ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ጠጠሮች በትኜ ስንት እንደሆኑ ጠየቅኳት። ጠጠሮቹን አላየችም። ቀና ብላ ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ቁጥር ፈለገች። ከሌላ ትምህርት የተረፈ ስምንት ቁጥር አገኘችና ስምንት አለችኝ። ጠጠሮቹ አምስት ነበሩ። ክቡር ሆይ፣ ይህች ልጅ ስልሳ ስድስት ልጅ ዐይኑን በደፋበት ክፍል ውስጥ ያለውን ነገር እንዳለ የቆጠረች ልጅ ናት፤ እርስዎ ደግሞ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ያለውን ትታ የተጻፈውን እንድትናገር አስተማሯት። እንዲህ ፍጥነት ያለው ማስተማር እኔ አልችልበትም። ይህንን ይቅር አልልዎትም፣ ይቅር እንድል የሚያስገድደኝ ስብከት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በየሳምንቱ ብሰማም እስካሁን አልቻልኩም።

ሪፖርቱን እንዲያርሙ በአቶ ፋኑኤል በኩል ስንለምንዎ የሰጡትን መልስም ለአንባቢ ማካፈል ተገቢ ነው። ማረሚያው ምክንያት ይጠይቃል፣ በምክንያት ቦታ ደግሞ ሙዝ ተበላ ተብሎ አይጻፍም ብለዋል። ቆየት ብለው ደግሞ ችግሩ የቋንቋ ሊሆን እንደሚችል፣ ልጅቷ ቤቷ ጋሞኛ ስለምትናገር ጥያቄው በአማርኛ ሲቀርብላት ተምታቶባት ይሆናል ብለው አሰቡላት። ስለ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የተበላ ሙዝ በጋሞኛም በአማርኛም ሲቆጠር የለም።

5. አሁን ደግሞ እኔ ልንገርዎ፤ ይህ እንኳ ምስጋና ሳይሆን መረጃ ነው።

ከክፍል ባስነሱኝ ጊዜ ዝቅተኛ ምድብ ያሏቸውን ልጆች የሚያስቆጥር ሰው ጠፋና እኔው ጋ ላኳቸው። ስለዚህ ሰሊሆም በየጠዋቱ መርጃ ክፍል ከእኔ ጋር ናት። እንጨት እየቆረጥን አሥር አሥር እናስራለን። ልጅቷ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቃት እስከሌለ ድረስ የታሰረውን ሁሉ አንድ በአንድ እየፈታች ትፈትሻለች። አንድ ቀን ልጆች አስረው ካመጡት ውስጥ ስምንት እንጨት ብቻ ያለው አገኘች። ወደ ጎን አስቀመጠችውና፣ ይሄ ዘመድኩን ነው አለች።

በሕያው እግዚአብሔር ፊት እናገራለሁ፣ ይህን ቃል ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም። ግን አልከለከልኳትም። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በሳምንቱ ሁለተኛ ክፍል በሙሉ ይለው ጀመር። ቀጥሎ ግቢው በሙሉ። ሙሉ መስሎ ውስጡ የጎደለ ነገር ሁሉ፣ ገጽ የተቀደደበት ደብተርም ይሁን ግማሹ ውኃ የሆነ የኳስ ሜዳ፣ ዘመድኩን ተባለ። ልጆቹ ወደ ቤት ይዘውት ሄዱ። ከሳምንታት በኋላ ሲቀላ ላይ የሙዝ ካርቶን ጫኞች ሲጨቃጨቁ በአጠገባቸው አለፍኩ፤ አንደኛው ካርቶኑን ብድግ አድርጎ ዘመድኩን ነው፣ አልጭንም እያለ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ደግሞ ሁለት የማላውቃቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከካፌያቸው ስለሚሰጣቸው ዳቦ ሲያወሩ ስምዎን ሲጠሩ ሰማሁ። ሳልወርድበት አንድ ፌርማታ አለፍኩ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ብዙ ባለሥልጣን ስሙ በመንገድ ወይም በአዳራሽ እንዲጠራ ይመኛል፤ የእርስዎ ግን ማንም ሳያዝ በየጫኙ አፍ ተጠርቷል።

አልጨረስኩም። የዓመቱ መዝጊያ የወላጆች በዓል ላይ ሁለተኛ ክፍል አጭር ድራማ ያቀርባል። ድርሰቱ የእኔ ነው። አንድ የተከበረ እንግዳ ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ከዚያ ይጠይቃል። እንግዳውን የሚሠራው ያ ያስጨበጨቡለት ደግነት ነው። ልጁ ጥፋት የለበትም፣ ተሰጥኦ ግን አለው፤ አላላጡንም፣ በመሐረብ አጠራረጉንም ቁጭ አድርጎታል። የፊተኛውን ረድፍ ወንበር ለእርስዎ ይዘንልዎታል።

የምጠይቅዎት ነገር አንድ ነው፣ ብዙ አይደለም። የእኔን ክፍል ይዘውት ይቅሩ፣ ምስክር ወረቀቱንም ግድግዳዎ ላይ ይስቀሉት። ግን የትምህርት ዘመኑ ሳይዘጋ ወደ ሁለተኛ ክፍል ለ ይውረዱ፣ ልጆቹ ፊት ይቁሙና ለሰሊሆም መልስሽ ትክክል ነበር ይበሏት፣ ከዚያ ስሟን ከዝቅተኞቹ ሰርዘው ማለፊያዋ ላይ ይፈርሙ። ከሴቻ ሲቀላ ቁልቁለት ነው፣ አይደክምዎትም። ካልመጡ በዚህ ከተማ እስካለሁ ድረስ ዕረፍት አልሰጥዎትም። ይህን የምልዎት በሙሉ አክብሮት ነው።

በመጨረሻም ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ማዕድዎ እንዳይጎድል፣ ቃጫዎ እንዳይላላ፣ የሚጎበኟቸው ክፍሎች ሁሉ በየጠረጴዛው ላይ የሚቀመስ ነገር እንዲያገኙልዎ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ቂሟን ያልረሳች አክባሪዎ፣
ልክነሽ ኦይታ
የቀድሞ የሁለተኛ ክፍል ለ መምህርት፣ የአሁን የሉልና የካርታ ጠባቂ

ግልባጭ፦
ለሲስተሙ
ለአቶ ፋኑኤል፣ ጨዋነታቸው እንዲጠበቅላቸው
ለሲቀላ ካርቶን ጫኞች

ከፈረምኩ በኋላ የምጨምረው፦ ደብዳቤውን አሽጌ ልወጣ ስል ልጅዎ ቤቲ መርጃ ክፍሉ በር ላይ መጣች። ሁለተኛ ክፍል ሀ መሆኗን ያውቃሉ፤ አንደኛ ክፍል ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ። ስም ሲጠራ ቤቲ ዘመድኩን በተባለ ቁጥር ክፍሉ እንደሚስቅ ነግራኝ፣ በአባቷ ስም ፋንታ በአያቷ ስም እንድትጠራ ላደርግላት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምክንያቱን ለእርስዎ እንዳልነገረችም ጨመረች፤ ያዝናል ብላ ነው። ስለዚህ ድራማውን ሰርዤዋለሁ። ይህ ደብዳቤም ልጆች በማያልፉበት በቢሮዎ በር ላይ ብቻ ይለጠፋል። ለእርስዎ ብዬ አይደለም። በማግስቱ ቃሉን እንዲተዉ ልጆቹን ስለምናቸው መጀመሪያ የተወችው ሰሊሆም ናት፤ በዕረፍት ሰዓት ሄዳ ቤቲን እጇን ይዛ ወደ ጨዋታው አስገባቻት፣ ሌሎቹንም ከእንግዲህ እንዲህ የሚል ከእኔ ጋር አይጫወትም አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ ቃሉን አልሰማሁም። የልጅዎን ስም አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ዕረፍት አጸዳችላት። የእርሷ ስም ግን እስካሁን እርስዎ ጋ ነው።